ለጥቁርና ነጭ ፎቶ አጣቢዎች፦ ገንዘባችሁን ወረቀቱ ላይ አውሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባህር ዳር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ከተማችን ውስጥ በፊልም ካሜራ ማንሳት የጀመሩ ልጆች እየበዙ ስለሆነና ፊልሙን አንስተው ሲጨርሱ ወረቀት ላይ ማተሚያ እቃ ፍለጋ ሲንከራተቱ ስለማይ ነው፣ ገንዘባቸውንም የማይሆን ነገር ላይ ሲያፈሱት ስለማይ ጭምር። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ጉርድ ፎቶ ሳጥብ፣ የሰርግ ሳሳድግ፣ የምርቃት ሳደርቅ ነው የኖርኩት፣ ዲጂታል ገብቶ ስራው ከቆመ በኋላም ቤቴ ውስጥ ለራሴ እያጠብኩ አለሁ። የማውቀውን ልናገር፣ ቦታ ካላችሁ ሳትቆርጡ አውጡልኝ።

ነገሬ ባጭሩ ይሄ ነው። ለጥቁርና ነጭ ህትመት ከውጭ የግድ መምጣት ያለበት ወረቀቱ ነው። ምስሉን ሚያወጣው ኬሚካል ዴቨሎፐሩ ቤት ይበጠበጣል፣ እሱን ሚያስቆመው ስቶፑ በሱቅ አቼቶ ይሰራል፣ ምስሉን ሚያጸናው ፊክሰሩ ከተፈለገ አገር ውስጥ ይገኛል፣ ሳፋው ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል፣ ኔጌቲቩን፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም፣ አጉልቶ ወረቀት ላይ ሚጥለው ማሳደጊያ ማሽንም በየድሮው ፎቶ ቤት ጓዳ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ልጆቹ ግን ተገላቢጦሽ ነው ሚያደርጉት፣ በስንት መከራ ዶላር ፈልገው በጠርሙስ የታሸገ ዴቨሎፐርና ፊክሰር ከውጭ ያስመጣሉ፣ ፈሳሽ ደግሞ ከባድ ነው፣ ሻንጣ ይሞላል፣ በአውሮፕላን ሲጫንም ጥያቄ ያስነሳል፣ እና ብሩ እሱ ላይ ካለቀ በኋላ ወረቀት ላይ ሲደርሱ እዚህ የተገኘውን አሮጌ ይገዛሉ። ይሄ ነው ያናደደኝ።

መጀመሪያ ሱቅ ገብታችሁ ፎቶ ፔፐር አለ ወይ ብትሉ አለ ይሏችኋል፣ ግን አብዛኛው ሚሰጧችሁ የፕሪንተር ወረቀት ነው፣ ቀለም ሚረጭበት፣ ብርሃን ምንም አያደርገውም፣ ዴቨሎፐር ውስጥ ብትነክሩት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሻጩ ዋሽቶ አይደለም፣ ዛሬ ፎቶ ፔፐር ሲባል እሱ የሚያውቀው ያንን ነው። አንዳንዴ ደግሞ የከለር ላብ ወረቀት ይገኛል፣ በጥቅል ሚመጣው፣ እሱ እውነትም በብርሃን ይሰራል ግን የጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት ጭምር ስለሚነካው ሙሉ ጨለማ ነው ሚፈልገው፣ ኬሚካሉም የራሱ ነው፣ በጥቁርና ነጭ ዴቨሎፐር ካጠባችሁት የደበዘዘ መልክ ነው ሚያወጣላችሁ። ሁለቱንም እርሷቸው።

ልብ ሚሰብረው ሶስተኛው ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ በቅርቡ አንድ ፓኮ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ፣ ኮዳክ ነው ጋሼ ኦሪጅናል ነው ብለው ሸጡልኝ አለኝ፣ የከፈለበትን ሲነግረኝ ዝም አልኩ፣ በዛ ብር አዲስ ወረቀት ያውም ከዛ በላይ ያስመጣ ነበር። አጠብነው፣ ሁሉም አመድ መስሎ ወጣ፣ ነጭ ሚባል ነገር የለውም። ሻጩን አልወቅስም አላመሰግንም፣ ማንነቱንም አልጽፍም፣ ግን ሌላ ልጅ እንዳይደገምበት ፓኮ አይቶ እድሜ መገመት ሁሉም ይወቅ። ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ወረቀት መስራት ያቆመው በፈረንጆቹ 2005 ነው፣ ስለዚህ የኮዳክ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ብሎ ዛሬ ሚሸጥላችሁ ሰው ቢያንስ ወደ 20 አመት የሚጠጋው እቃ ነው የያዘው፣ የታሸገ ይሁን አይሁን ለውጥ የለውም። አግፋም የፎቶ ኩባንያው የከሰረው በዛው በ2005 ነው። ሀንጋሪ ቫች ከተማ የነበረው ፎርቴ በ2007 ተዘጋ። ኦርዎ የሚል የምስራቅ ጀርመን ፓኮ ካገኛችሁ ደግሞ አገሪቱ ራሷ ከምዕራቡ ጋር የተዋሃደችው በ1990 መሆኑን አስቡ፣ ፓኮውን ለትዝታ አስቀምጡት እንጂ ብር አታውጡበት። በዚህ ላይ ወረቀቱ እዚህ የቆየው በቆርቆሮ ጣራ ስር ነው፣ ባህር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ሙቀት ደግሞ ወረቀትን ከእድሜው በላይ ነው ሚያስረጀው። ከድሮዎቹ አርሲ ሚባሉ በፕላስቲክ የተለበጡ ወረቀቶች አንዳንዶቹ ዴቨሎፐሩ እዛው ወረቀቱ ውስጥ ተጨምሮ ስለሚሰሩ እነሱ ከሁሉም ቀድመው ነው ሚበላሹት።

አሮጌ ወረቀት የግድ ልትገዙ ከሆነ ሳትከፍሉ ሞክሩት። በቀይ መብራት ስር አንዱን ወረቀት ቁራጭ ቁረጡና ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱን ምንም ብርሃን ሳታሳዩ ቀጥታ ፊክሰር ውስጥ ክተቱ፣ ሌላውን እንደዛው ብርሃን ሳታሳዩ 2 ደቂቃ ዴቨሎፐር ውስጥ አቆይታችሁ ከዛ ፊክሰር ውስጥ ክተቱት፣ ሁለቱን አጥባችሁ ውጭ በቀን ብርሃን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩ። እኩል ነጭ ከሆኑ ወረቀቱ ደህና ነው፣ ዴቨሎፐር የገባው ግራጫ ካለው ወረቀቱ አልቆለታል። ቤንዞትራያዞል ሚባል ኬሚካል ዴቨሎፐሩ ላይ ጠብ አድርጎ ትንሽ ማዳን ይቻላል ግን ወረቀቱ ፍጥነቱንም፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ኮንትራስቱንም፣ ማለትም የጥቁርና ነጩን ልዩነት፣ ስለሚያጣ ለጀማሪ አይሆንም፣ ጀማሪ እኮ ሲበላሽበት ጥፋቱ የሱ ይሁን የወረቀቱ ማወቅ አይችልም፣ ተስፋ ሚያስቆርጠውም ይሄ ነው። ሻጩ ለሙከራ አንድ ወረቀት አልሰጥም ካለ ትታችሁት ሂዱ።

አዲስ ወረቀት ሲባል እንግዲህ ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ነው ምትሰሙት፣ የእንግሊዙ ኢልፎርድና የቼኩ ፎማ። ፎማ ከ1921 ጀምሮ ህራዴትስ ክራሎቬ ሚባል ከተማ ያለ ፋብሪካ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከኢልፎርድ ይቀንሳል፣ ስራው ግን አያሳፍርም። የኢልፎርዱ መልቲግሬድ አርሲ ዲሉክስ ሚባለው ነው፣ የፎማው ፎማስፒድ ቫሪያንት። ለጀማሪ ሁለቱም ይሆናሉ፣ በሁለቱ መሃል ስትከራከሩ ጊዜ አታጥፉ፣ የተገኘውን አዲስ ያዙ።

አርሲ ነው ያልኩት በምክንያት ነው። አርሲ ወረቀት ሁለቱም ፊቱ በፕላስቲክ ስለተለበጠ ኬሚካሉ ወደ ውስጥ አይገባም፣ 1 ደቂቃ ተኩል ገደማ ዴቨሎፐር፣ ፊክሰር፣ ከዛ 2 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይጠባል፣ ገመድ ላይ ትሰቅሉታላችሁ ይደርቃል፣ አይጠቀለልም። ፋይበር ሚባለው ሌላው አይነት ግን ንጹህ ወረቀት ስለሆነ ኬሚካሉን ይጠጣል፣ ዝም ብሎ በውሃ ብቻ ይታጠብ ከተባለ 1 ሰአት ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 1 ሰአት ቧንቧ ከፍቶ መተው ከየት ይመጣል፣ ጎረቤትም ምን ይላል። ፋይበር ውበቱ ሌላ ነው፣ እኔ ራሴ ለኤግዚቢሽን ወይ ለቤተሰብ ለሚቀመጥ ፎቶ ፋይበር ነው የምጠቀም፣ ጥቁሩ ጥልቀት አለው፣ እጅ ላይ ሲያዝም ክብደት አለው፣ እና ውሃውን መቀነሻ ዘዴ አለ፦ ፊክሰሩ በደንብ አዲስ ይሁን፣ 5 ደቂቃ አጥባችሁ በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት በጥብጣችሁ እሱ ውስጥ 10 ደቂቃ እያንቀሳቀሳችሁ አቆዩት፣ ከዛ በኋላ ያለው እጥበት በጣም ያጥራል። ግን መጀመሪያ በአርሲ እጃችሁን ፍቱ።

መልቲግሬድ ማለት ደግሞ አንዱ ወረቀት ሁሉንም ኮንትራስት ይሰጣል ማለት ነው፣ ድሮ እኛ ለስላሳውን፣ መካከለኛውን፣ ጠንካራውን ለየብቻ በየፓኮው ነበር ምንይዘው፣ አንዱ ሲያልቅ ስራ ይቆማል። አሁን ቢጫ ፊልተር ያለሰልሳል፣ ማጀንታ ፊልተር ያጠነክራል፣ ከ00 እስከ 5 ድረስ ቁጥር አለው። ፊልተሩን አንዴ ገዝታችሁ በጣት አሻራ ካላቆሸሻችሁት አመታት ይቆያል፣ ስለዚህ ከወረቀት ቀጥሎ ብር ሚወጣበት እሱ ነው፣ ማሳደጊያችሁ የከለር ራስ ካለው ግን ቢጫና ማጀንታ መደወያው እዛው ላይ ስላለ ፊልተርም አትፈልጉም። ለኛ አገር ብርሃን ይሄ ነገር በጣም ነው የሚጠቅመው። በቀትር ጣና ላይ ታንኳ ያነሳ ሰው ኔጌቲቩ ጥቁርና ነጩ ተራርቆ ነው ሚመጣለት፣ ውሃው ያንጸባርቃል፣ የቀዛፊው ፊት ይጨልማል፣ እንደዚህ አይነቱን በፊልተር ቁጥር 1 ወይ በ1 ተኩል አትሙት፣ የነጠላው ጥለት እንኳን ይወጣላችኋል። ክረምት ደመና ዳምኖ ዘጌ ጫካ ውስጥ የተነሳው ደግሞ ሁሉም ነገር ግራጫ ስለሚሆን በ3 ወይ በ3 ተኩል ነው ነፍስ ሚዘራው። አንድ ፓኮ ወረቀት ሁለቱንም ይሰራል።

መጠኑን በተመለከተ ትልቅ ገዝታችሁ ቁረጡ። 18 በ24 ሳንቲ ሜትር ወይ 8 በ10 ኢንች ባለ 100 ፓኮ በጋራ ብትገዙ የአንዱ ወረቀት ዋጋ ከባለ 25ቱ ይረክሳል፣ ለልምምድ አንዱን ወረቀት ቀይ መብራት ስር አራት ቦታ ቁረጡት፣ ለቴስት ስትሪፕ፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን ለምትሞክሩበት ቁራጭ፣ ደግሞ ከዛም አሳንሱት። የፊቱን አይነት ብትጠይቁኝ አንጸባራቂው ጥቁሩ ከሁሉም ይጠልቃል፣ በከፊል ሚያንጸባርቀው ፐርሉ ደግሞ የጣት አሻራ አያሳይም፣ ማያንጸባርቀውን ማቱን ለጊዜው ተዉት።

አሁን አመጣጡ። ከውጭ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ነው ብዙ ጊዜ ሚሆነው፣ ለገናና ለጥምቀት ብዙ ዘመድ ስለሚገባ ከዛ በፊት በደንብ ቀደም ብላችሁ ንገሩት፣ ሻንጣ በሚዘጋበት ቀን አይደለም። የኤርፖርት ኤክስሬይ ብዙ አያሳስባችሁ፣ የማተሚያ ወረቀት ለብርሃን ያለው ስሜት ከፊልም በጣም ያነሰ ነው፣ ተራ ፍተሻ አይጎዳውም፣ ፊልም ካለው ግን ፊልሙን በእጅ ይያዘው። ሚያስፈራው መከፈቱ ነው። ጉምሩክ ላይ ያለ ሰራተኛ ፓኮ ከፍቶ ማየት ስራው ነው፣ ውስጡ ጥቁር ላስቲክ ካየ እሱንም ሊከፍት ይችላል፣ እዛች ሰከንድ ላይ 100 ወረቀት አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ፓኮው ላይ በትልቁ በአማርኛ ይጻፍበት፣ የፎቶ ማተሚያ ወረቀት ነው፣ ብርሃን ካየ ይበላሻል፣ አይከፈት ተብሎ፣ ደረሰኙ ከውጭ በኩል ይለጠፍ፣ አመጪው ሰውም ምን እንደያዘ አፉን ሞልቶ ማስረዳት ይችል ዘንድ ንገሩት፣ እቃ አምጣልኝ ብቻ ተብሎ የመጣ ሰው ሲጠየቅ ይደናገጣል። የተበላሸ አንድ ወረቀት ለናሙና ውጭ አድርጎ ቢይዝ ደግሞ በጣም ይረዳል፣ ይኸው ይሄ ነው ውስጥ ያለው ብሎ ያሳያል።

ሲደርስ ማቀዝቀዣ ካላችሁ እዛ አስቀምጡት፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ክረምት ላይ የሃይቁ ዳር እርጥበት ሌላ ጠላት ነው። ከማቀዝቀዣ ስታወጡት ግን ወዲያው አትክፈቱ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰአት ጠብቁ፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዝና ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ኬሚካሉን ልንገራችሁ። ዲ 72 ሚባለው የኮዳክ የድሮ የዴቨሎፐር ቀመር ለወረቀት ከበቂ በላይ ነው፣ እኛም ስንሰራበት የነበረ ነው። 750 ሚሊ ሊትር 50 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ውስጥ መጀመሪያ ቁንጥር ሰልፋይት፣ ከዛ ሜቶል 3 ግራም፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ሶዲየም ሰልፋይት 45 ግራም፣ ሃይድሮኪኖን 12 ግራም፣ ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት 68 ግራም፣ በመጨረሻ ፖታሲየም ብሮማይድ 2 ግራም፣ ከዛ ውሃ ጨምራችሁ 1 ሊትር ትሞላላችሁ። ተራው ወሳኝ ነው፣ ሰልፋይቱን ሙሉውን ካስቀደማችሁ ሜቶሉ አልሟሟም ይላል። ስትሰሩበት 1 እጅ ዴቨሎፐር ለ2 እጅ ውሃ። ከነዚህ ውስጥ ካርቦኔቱ የዋና ከባዱ ክብደት ነው፣ እሱን ደግሞ ከውጭ ማምጣት ኃጢአት ነው፣ አገራችን ውስጥ ከአቢጃታ ሃይቅ ሶዳ አሽ ሲመረት የኖረ ነው፣ ሶዳ አሽ ማለት እሱው ሶዲየም ካርቦኔት ነው፣ ጨርቃጨርቅ ቀለም ሚነክሩ ሰዎች ያውቁታል። የኢንዱስትሪው አሸዋ ወይ ቆሻሻ ካለው በማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት። እሱም ካልተገኘ ቤኪንግ ሶዳ ከሱቅ ገዝታችሁ ንጹህ ብረት ምጣድ ወይ ኦቨን ላይ በደንብ አሙቁት፣ እንፋሎትና ጋዝ እየለቀቀ ካርቦኔት ይሆናል፣ 108 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 68 ግራም ካርቦኔት ይሰጣል፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም አለቀ ማለት ነው። ሜቶሉ፣ ሃይድሮኪኖኑና ብሮማይዱ በግራም ስለሆነ አዲስ አበባ የላብራቶሪ ኬሚካል ከሚያስመጡ ድርጅቶች በትንሹ ይጠየቃል፣ በጋራ ከሆናችሁ ግማሽ ኪሎ ገዝታችሁ ብትካፈሉ ረጅም ጊዜ ይሄዳል። ሃይድሮኪኖን ስትጠይቁ ለምን ብለው ሊያዩዋችሁ ይችላሉ፣ ቆዳ ማንጫ ክሬም ውስጥ ስለሚገባ ነው፣ ለፎቶ መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው። ሚዛኑ ደግሞ ወርቅ ሰሪዎች ሚጠቀሙባት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች።

ሜቶል ቆዳን ሊያሳክክ ሚችል ነገር ነው፣ አንዳንዱ ሰው አንዴ ከተቆጣበት እድሜ ልኩን አይለቀውም፣ እና ጓንት አድርጉ፣ በእጃችሁ አትንከሩ፣ ወረንጦ ወይ የፕላስቲክ መያዣ ይኑራችሁ። የበጠበጣችሁትን በሃይላንድ ማስቀመጥ ይቻላል፣ እስከ አፉ ሞልታችሁ አየር ሳይቀር ክደኑት፣ ግን የውሃውን ወረቀት ቀዳችሁ ጣሉና በትልቁ መርዝ ብላችሁ ጻፉበት፣ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ቆልፉበት። ሳፋውም የወጥ ቤት ሳፋ አይሁን፣ ለዚህ ስራ ብቻ ይገዛ።

ስቶፕ ባዝ ብሎ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ነጩ አቼቶ 1 እጅ ለ3 እጅ ውሃ፣ ወይ ሲትሪክ አሲድ በሊትር 15 ግራም፣ ሽታ ማይወድ ሰው ሲትሪኩን ይያዝ።

ፊክሰር ላይ ሃይፖ፣ ማለትም ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ እንደ ስኳር ድንጋይ ያለ ክሪስታል ነው፣ ክሎሪን ለማጥፋት በጨርቃጨርቅም በውሃ ምርመራም ስለሚያገለግል ከኬሚካል ነጋዴ ዘንድ አይጠፋም። ጆን ኸርሸል ሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የብር ማዕድን ጨውን እንደሚያሟሟ ያገኘው በ1819 ነው፣ ይኸው እስከዛሬ ሚተካው አልተገኘም፣ ፈጣኑ ፊክሰር እንኳን የዛው ዘመድ ነው። በሊትር 250 ግራም፣ ሲሟሟ ውሃውን ስለሚያቀዘቅዘው በሙቅ ውሃ ጀምሩ፣ 15 ግራም ሰልፋይት ብትጨምሩበት ደግሞ ይረጋጋል። ከሱ ይልቅ ፈጣን ፊክሰር ምትፈልጉ ከሆነ ኤክስሬይ በፊልም ሚያነሱ የጤና ተቋማት ሚጠቀሙበትን ከህክምና እቃ አቅራቢ ሱቅ በገንዘባችሁ መግዛት ይቻላል፣ ለአርሲ ጥሩ ይሰራል፣ ግን ብዙ ጊዜ ሃርድነር ሚባል የወረቀቱን ፊት ሚያጠነክር ነገር አለው፣ ፋይበርን ለማጠብ ያስቸግራል። የኤክስሬይ ዴቨሎፐሩን ግን አትግዙ፣ ለአውቶማቲክ ማሽን ሚሆነው ግሉታራልዴሃይድ ስላለው ክፍት ሳፋ ላይ ሲሆን አይንና ጉሮሮ ያቃጥላል።

ሙቀቱ 20 ዲግሪ ይሁን ይላል መመሪያው፣ በኛ በሚያዝያ የቧንቧው ውሃ ራሱ ከዛ በላይ ነው። የዴቨሎፐሩን ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ በረዶ በላስቲክ አስራችሁ ዙሪያው ጣል አድርጉ፣ 23 ወይ 24 ላይም ቢሆን ሰአቱን አሳጥራችሁ ሁሌ በአንድ አይነት ከሰራችሁ ችግር የለውም። ቀይ መብራቱ ላይ ግን አትታለሉ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ አምፖል ነጭ ብርሃን ያሾልካል። መፈተሻው ቀላል ነው፣ ወረቀቱን በማሳደጊያው በጣም ትንሽ ብርሃን ስጡት፣ ቢታጠብ ስስ ግራጫ ሚሆንበትን ያህል፣ ከዛ ቀይ መብራቱ ስር ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጣችሁ 5 ደቂቃ ተዉትና እጠቡት፣ የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ አይሆንም። ስልክ በጨለማ ክፍል አይገባም፣ ለሰአት ከሆነ የግድግዳ ሰአት በቂ ነው።

ማሳደጊያ ማሽን ስትፈልጉ የድሮ ፎቶ ቤቶችን በትህትና ጠይቁ፣ ዱርስት ወይ ሜኦፕታ ብዙ ቦታ አለ፣ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፣ የሃይቁ እርጥበት ሻጋታ አብቅሎበት ይሆናል፣ አካሉ ቢዛገም ችግር የለም ሌንሱ ግን ንጹህ ይሁን። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሚል ሰፈር ከሆናችሁ የፍሪጅ ስታቢላይዘር ላይ ሰኩት፣ ካልሆነ የመጀመሪያው ህትመትና ሁለተኛው አይመሳሰልም። ማሽን ጭራሽ ከሌላችሁም ስራ አታቁሙ፣ ኔጌቲቩን ወረቀቱ ላይ አስተኝታችሁ ንጹህ መስታወት ጭናችሁ ከላይ አምፖል ብልጭ ማድረግ ነው፣ በኔጌቲቩ ልክ ትንሽ ፎቶ ይወጣል፣ በ6 በ6 ሳንቲ ሜትር ፊልም ከሆነ እሱ ራሱ ቆንጆ ነው።

ፎቶ ቤት የነበራችሁ ሰዎች ሆይ፣ እባካችሁ ማሽኑን ለቆራሌ አትስጡ። በብረት ኪሎ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ሆዴን ነው የበላኝ። ኔጌቲቩንም እንደዛው፣ የዚች ከተማ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ሁሉ እዛ ካርቶን ውስጥ ነው ያለው፣ ልጆቹ ማተም ከቻሉ ባለቤቶቹ ልጆቻቸውን ያያሉ፣ የሞቱትንም ያያሉ።

አንድ ነገር በጣም አደራ ምለው፣ ያገለገለ ፊክሰር ቱቦ ውስጥ አይደፋ። ከወረቀቱ የወጣው የብር ማዕድን እሱ ውስጥ ነው ያለው፣ ብር ደግሞ ለዓሳና ለውሃ ውስጥ ነፍሳት ጎጂ ነው፣ የኛ ቱቦ መጨረሻው ጣናና አባይ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እምቦጩ አንሶን ነው ወይ፣ ቀረሶና አምባዛውን ደግሞ እኛ እንጨምርበት ወይ። ያለቀውን ፊክሰር ክዳን ባለው ባልዲ አጠራቅሙ፣ ውስጡ ሚዝግ አይነት የብረት ሽቦ፣ ያ የድስት መፈተጊያው፣ ማይዝገው አይደለም፣ እሱን ጨምሩበት፣ ብረቱ እየሟሟ ብሩ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ከስር ይሰፍራል፣ ቀናት ይፈልጋል። ዝቃጩን አድርቃችሁ አስቀምጡት፣ ሲበዛ ብር አንጣሪ ይገዛችኋል። ይሄን በአንድ ሰው አቅም ማድረግ ይሰለቻል፣ በቡድን ሲሆን ግን አንድ ባልዲ ለሁሉም ይበቃል።

ለዚህም ነው በጋራ ግዙ ምለው። አሁን ጥቂት ሰዎች ተሰባስበን ለመጪው ገና ከሚገባ ዘመድ ጋር ወረቀት ለማስመጣት ዝርዝር ጀምረናል፣ 18 በ24 አርሲ አንጸባራቂ ብቻ ነው፣ ሌላ አይነት አንቀላቅልም ምክንያቱም ሁሉም የየራሱን ካዘዘ ማንም ባለ 100 ፓኮ አይደርሰውም። የምትፈልጉ ልጆች በዝግጅት ክፍሉ በኩል ደብዳቤ ተዉልኝ። እዚህ ከተማ ደግሞ ለዱርስት ማሽን የሚሆን የ6 በ6 ኔጌቲቭ መያዣና 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ በኪራይም በግዢም ይሁን፣ ሁለት ልጆች 6 በ6 ፊልም አንስተው አጥበው ማተሚያ አጥተው ቁጭ ብለዋል።

የቀድሞ ፎቶ አጣቢ
ከሽምብጥ፣ ባህር ዳር